መጨረሻ ያለው እባብ

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በቀትር ሐሩር ከሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልለው፣ አንገታቸውን ደፍተው የስልክ መስታወት በጣታቸው የሚዳብሱ ወጣቶችን ማየቱ አይቀርም፤ ከእነርሱም መካከል በበላ ቍጥር የሚረዝመውን እባብ የሚነዱ ስለማይታጡ፣ ወላጆችና መምህራን ጨዋታውን በጅምላ ሲኰንኑት ይሰማል። ኵነኔው ያለ ምክንያት ነው አልልም፤ ነገር ግን እባቡ ብዙ ዓይነት መሆኑን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ፍርድ መቅጣት ከፍትሕ የራቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጨዋታው ጥንተ ነገር እ.ኤ.አ. 1976 ነው። በዚያ ዓመት ግሬምሊን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ብሎኬድ» በተሰኘ ማሽን ተጫዋቾችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጋጥም ጀመር፤ እያንዳንዱም በሄደበት ሁሉ ከኋላው ግንብ እየተከለ ባላጋራውን መውጫ ያሳጣ ነበር እንጂ፣ የሚበላና የሚያድግ እባብ ገና አልተፈጠረም። ወደ እኛ የደረሰው ታኔሊ አርማንቶ የተባለው የፊንላንድ መሐንዲስ ለኖኪያ 6110 የሠራው ሲሆን፣ ይህ ቀፎ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ሲወጣ አገራችን የሞባይል አገልግሎት ገና አልነበራትም፤ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም 3310 መጣ፤ በእርሱም ላይ እባቡ በአንዱ ጠርዝ ገብቶ በማዶው ብቅ ማለትን ተማረ፤ ቀጥሎም መብራት ያላት 1100 ስትከተል፣ እባቡ ከቀፎው ጋር ደጋ ቆላ ሳይል ገባ።

በዚያ እባብ የማደንቀው ሕጉን ነው። በአራት አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ በበላ ቍጥር ይረዝማል፤ በረዘመም ቍጥር ማደሪያው ይጠበዋል፤ ሜዳውን ሞልቶ እስኪጨርስ የሚዘልቅ እጅ ካልተገኘ በቀርም፣ ግንቡን ቢያመልጥ እንኳ ራሱን ነክሶ ይሞታል፤ ገዳዩም ሲሰበስብ የኖረው የገዛ አካሉ ነው። አበው ከንግሥተ ሳባ በፊት በኢትዮጵያ ነግሦ ነበር የሚሉት አርዌ፣ ልጃገረድና ከብት ሲገበርለት ኖሮ በአንጋቦ ብልሃት መርዝ ያላትን ፍየል ውጦ መሞቱን ለሰማ ሰው፣ ይህ ፍጻሜ እንግዳ አይሆንበትም። ልጁ የስግብግብነትን ፍጻሜ ያለ ሰባኪ በእጁ ያየዋል፤ አይቶም ስልኩን ያስቀምጣል፤ ቀፎው «ቆይ፣ አትሂድ» ብሎ የሚለማመጥበት አንዳች መንገድ አልነበረውምና።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ስሊዘር ዶት አይኦ» ግን ሕጉን ገለበጠው። በዚህኛው ተጫዋቹ ከማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት በአንድ ሜዳ ይውላል፤ የራሱን ገላ ቢሻገር አይጎዳም፤ ጭንቅላቱ የሌላውን ገላ ሲነካ ግን ይሞታል፤ ሬሳውም ወዲያው ለቀሩት መብል ሲሆን፣ እርሱ በቅጽበት እንደ ገና ትንሽ ሆኖ ይነሣል። ትንሣኤው ያለ ንስሓ ነው ብል እንደ ድፍረት አይቈጠርብኝ። ከዚህ ዘር በኋላ ከተፈለፈሉት አምሳያዎች መካከል በሞትና በትንሣኤ መሐል ማስታወቂያ የሚያስገቡ፣ ገንዘብ ለከፈለም ያማረ ቆዳ የሚሸጡ አሉ፤ ስለዚህ በሽንኵርት ማሳ የቀን ሥራ ውሎ የዳታ ጥቅል የገዛ ወጣት፣ ሲያበላ የዋለው እባቡን ብቻ አለመሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ይህ ዓይነቱ እባብ ከነሜዳው ጠፍቷል፤ የቀፎው ግን ቻርጅ እስካለ ድረስ አለ። (በዚያ ወራት ከጨዋታ የከበደ ብዙ ነገር ስለ ጠፋ፣ ይህን በደስታ አላነሣውም።)

እንግዲህ ኮምፒውተር ያለው የይፋት ትምህርት ቤት ሁሉ እባቡን ከመከልከል ይልቅ ተማሪው እንዲሠራው ቢያደርግ ይሻላል የምለው ያለ ምሳሌ አይደለም፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1991 ከዶስ 5 ጋር «ኒብልስ» የተባለውን እባብ ሲያድል፣ የፈለገ ሁሉ እንዲያነበውና እንዲለውጠው ሙሉ ኮዱን ገልጦ ነበር። ምሥጢሩም ረቂቅ አይደለም፤ የእባቡ አካል በተራ የተደረደሩ ካሬዎች ዝርዝር ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፊት አንድ ይጨመራል፣ ከኋላ አንድ ይነሣል፤ በበላ ጊዜ ግን ከኋላው አይነሣም፤ ማደጉም ይኸው ነው። የኢንተርኔት መስመር አያሻም። ተማሪዎቹ ከፈለጉ ማሾ ያብሉት፣ ከፈለጉ በማሽላ ማሳ ውስጥ ግሪሳ ወፍ ያሳድዱበት፤ ራሱን ሲነካ ይሙት ወይስ ይለፍ የሚለውን ግን መምህሩ አይወስንላቸው፤ እነርሱው ተከራክረው ይጻፉት።