ከዒድ በኋላስ?

የመግሪብ ሰዓት ሲቃረብ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ይጨናነቃል። ወደ ጀሞና ወደ ለቡ የሚሄደው ታክሲ ይጋፋል፤ ከአትክልት ገበያው የሚወጣው ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ መንገድ ዳር ያርፋል። ገበያው በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ አካባቢው የብዙ የቀን ሠራተኞች መዋያ ሆኗል። ከእነርሱ መካከል በምን እንደሚያፈጥር ሳያውቅ የሚመሽበት አይጠፋም።

በረመዳን ይህ ሰው የሚያስታውሰው አያጣም። ጎረቤት ሾርባና ሳምቡሳ ያወጣል፤ ወጣቶች ቴምርና ውኃ ያድላሉ። መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ጥያቄያችን ግን ከዒድ በኋላስ የሚል ነው። ወሩ ሲያበቃ ረሃቡ አብሮ አያበቃም።

መልሱ ልግስናን ማደራጀት ነው ብለን እናምናለን። ዘካ ራሱ በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም። ሀብቱ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የደረሰና ዓመት የሞላው ምእመን 2.5 በመቶውን አስልቶ ለሚገባቸው ያወጣል። መስጠት ስሌትም ኃላፊነትም አለው ማለት ነው።

ዛሬ መሣሪያው በእጃችን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ 50 ብር ለመለገስ ባንክ ቤት መሰለፍ አያስፈልግም። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በየካቲት 2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ለሕንፃው ማስጨረሻ ጥሪ ሲያቀርብ፣ ከሀገር ውስጥም ከውጭም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተሰብስቧል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚያግባባ ነው።

ስልኩ ግን ለአጭበርባሪም እኩል ያገለግላል። የታመመ ሕፃን ፎቶ ለጥፎ የግለሰብ ሒሳብ ቁጥር የሚያስቀምጥ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ድርጅቱ በሚመለከተው አካል መመዝገቡንና ሒሳቡ በድርጅቱ ስም መሆኑን ከመላክ በፊት መጠየቅ ንፉግነት አይደለም፤ ገንዘቡ ለተቸገረው እንዲደርስ መጠንቀቅ ነው። ድርጅቶችም ገቢና ወጪያቸውን ሳይጠየቁ ለሕዝብ ይግለጹ።

ድሃውን ካሜራ ፊት አቁሞ ዳቦ መስጠትም ይቅር። ያንን ምስል ነገ ልጆቹ ያዩታል። የሰጠነው እንጀራ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ያዋረድነው ክብር ግን በቀላሉ አይመለስም።

በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ 100 አባወራዎች በቀን 5 ብር ቢያዋጡ በወር 15,000 ብር ይሆናል። እድር ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘቡን የሚይዙ ታማኝ ሰዎች መምረጥ፣ የሰፈሩን ችግረኞች መለየት፣ ወይም ሥራው የታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅትን በየወሩ መደገፍ ይቻላል።

ስለዚህ በዚህ ረመዳን ከማዕዳችን ስናካፍል ለሸዋልና ከዚያ በኋላ ላሉት ወራትም ቃል እንግባ እንላለን። ያ ተሸካሚ ከዒድ ማግስትም እዚያው መንገድ ዳር ይኖራልና።