የትኛው ሱፐርማን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ፥ «መምህር፥ ከሱፐርማን የሚበልጥ ጕልበተኛ አለን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «የትኛው ሱፐርማን?» አልኩት። ልጁ ሣቀ፤ አንድ ብቻ መስሎት ነበርና።

ውድ አንባቢ፥ ጀሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ሲታተም፥ አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ገና አልወጣችም ነበር። ያ ሱፐርማን መብረር አያውቅም፤ 200 ሜትር ያህል ይዘላል እንጂ። ጠላቶቹም ከሌላ ዓለም የመጡ አልነበሩም። በመጀመሪያው ዕትም ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ለማዳን የአገረ ገዢውን የመኝታ ቤት የብረት በር ሰብሮ ይገባል፤ ሚስቱን የሚደበድበውንም ባል ልክ ያስገባዋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ለሠራተኞቹ ሕይወት ደንታ የሌለውን የማዕድን ባለቤት በገዛ ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፥ የሠራተኛውን ጭንቀት ያቀምሰዋል።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ አደገ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በረረ፤ ውሎ አድሮም ፕላኔት ከቦታዋ እስከ መግፋት ደረሰ። ቀድሞ ፖሊስ ያሳድደው የነበረው ሰው የፖሊስ ወዳጅ ሆነ። ጕልበቱ ሲበዛ ግን የተበደለች ሴትና የማዕድን ሠራተኛ ጉዳይ አነሰበት።

የፈጣሪዎቹም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። መብታቸውን በ130 ዶላር ሸጠው ነበርና፥ ልጃቸው ሲከብር እነርሱ ተረሱ፤ ስማቸውም ከመጽሔቱ ላይ ለብዙ ዓመታት ተነሥቶ ቆየ። የጡረታ ገንዘብ የተቈረጠላቸው ሕዝብ ከጮኸላቸው በኋላ በ1975 ነው።

የኋላ ደራሲዎች ጉድለቱ ሳይታያቸው አልቀረም። በ1986 ጆን በርን ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምር የጀግናውን ኃይል ቀነሰለት። በ2011 ደግሞ ግራንት ሞሪሰን ጂንስ ሱሪ አልብሶ፥ እንደ ጥንቱ ዘላይ አድርጎ፥ ከአንድ ሙሰኛ ባለጸጋ ጋር አፋጠጠው።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ፥ እኔስ ፕላኔት ከሚገፋው ይልቅ በር ሰብሮ የገባውን እመርጣለሁ የሚል ነበር። ሰው ሲሾም ሥልጣኑ ይጨምራል፤ ደጅ የቆመውን ባለጉዳይ የሚያይበት ዓይን ግን አብሮ አይጨመርለትም። ዛሬ ከትንሿ ወንበር ላይ ያላችሁ፥ ነገ ትልቁን ስትይዙ ይህን አስቡ።