አሸዋው ውስጥ ያለው ሸረሪት

እኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ፣ በራችን አጠገብ ለግንባታ የተገለበጠ አሸዋ አለ። የሰፈሩ ልጆች ውለው የሚያድሩበት ይመስል ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ጭር አለ። የልጅ ልጄን ብጠይቃት፣ «እማማ፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ገዳይ ሸረሪት አለ፤ በስልክ አይተነዋል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አለ። አገሩ ግን ደቡባዊ አፍሪካ፣ የናሚብና የካላሃሪ በረሃ ነው። አብዛኞቹ ሸረሪቶች 8 ዓይን ሲኖራቸው የእሱ 6 ነው። ድር አያደራም። ጠፍጣፋ ገላውን በእግሮቹ አሸዋ እያለበሰ በጥቂት ሰኮንድ ይሰወራል፤ የአሸዋው ቅንጣት ስለሚጣበቅበት ቢወጣም ከመሬቱ አይለይም። ነፍሳት አጠገቡ ሲያልፉ ብቅ ብሎ ይይዛል፤ ካላለፉም ሳይበላ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። (የእሱን ትዕግሥት ለእኛ ቤት ልጆች!) መርዙ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ክፉኛ ጉዳት አድርሷል፤ ሰው የሚነድፈው ግን ከስንት አንዴ ነው።

«በመኪና ቢመጣስ?» አለችኝ። የእኛ አሸዋ የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ፣ ከነሞጆና ከነላንጋኖ ነው፤ ናሚብ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል አልኳት።

ፍርሃቷን ግን አልሳቅኩበትም። በሥራ ላይ እያለሁ አንዲት አያት «ሸረሪት ነከሰው» ብለው አንድ ልጅ ይዘው መጡ። ንክሻው ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ልጁን ለሳምንታት ያመላለሰው መርዙ እንዲወጣ ተብሎ በምላጭ የተበጣው ቁስል ነበር፤ መግል ቋጥሯል፤ እግሩም ከላይ በጨርቅ ታስሮ አብጧል። አያትየውን አልተቆጣሁም፤ ያደረጉት ከፍቅር ነው።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ሸረሪት ነከሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉበት። አትብጡ፣ አትሰሩ፣ በአፍ አትምጠጡ። እብጠቱ ከሰፋ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ልጁ መተንፈስ ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ሸረሪት ሸናችበት» የምንለው ሁሉም የሸረሪት ሥራ አይደለም። በአንድ በኩል ብቻ ተደርድሮ የሚወጣው የሚያቃጥል ውኃ ቋጠሮ ብዙውን ጊዜ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ እሱን የሚያመጣው ቫይረስ ነው።

እኔን ከሸረሪቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዛገ ሚስማር ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት መንጋጋ ቆልፍንም ይከላከላል፤ የልጆቻችሁን ካርድ አውጥታችሁ እዩ።

ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር አሸዋውን በእንጨት ጫርነው። ሁለት ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የድመት እዳሪ አገኘን። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተመልሰው ወጡበት፤ ዘበኛውም መጮኽ ጀመሩ።