አልጋው ይከራይ፣ ፊታችን ግን አይከራይ



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው የመዋጮ ቀን፣ የቦይ ጠረጋና የለቅሶ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሐሳብ ለመስጠት ተነሥተናል። ነገሩ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ሆኖም አፍ አውጥቶ የተናገረው ስለሌለ እኛ እንናገረዋለን።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡና ጉሙ ተጋግዘው መንገዱ በማይታይበት ማታ፣ አንድ ሽማግሌ የታመመች ምራታቸውን ይዘው ከቆላ ለሕክምና መጥተው ኖሮ መኪና አመለጣቸው። በሰፈራችን «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን አራት በሮች አንኳኩ። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አሉ። ከአራቱም ቤት የወጣው መልስ አንድ ነበር፤ «አልጋው ሦስት መቶ ብር ነው፤ ለሁለት ሰው ይጨመርበታል።» ሽማግሌው የያዙትን ለመድኃኒት አውጥተው ስለነበር «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተጠግተው፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው አደሩ። ጧት ኪዳን የሄዱ እናቶች ሲያገኟቸው ሴትዮዋ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

ያን ሌሊት ከአራቱ ቤት በሁለቱ አልጋው ባዶውን ነው ያደረው። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ከአራቱ በሮች አንዱ የእኛው የራሳችን ነው። በሩን ገርበብ አድርገን ዋጋ የተናገርነው እኛ ነን።

ታዲያ ምን ነካን? ብለን ስንጠያየቅ ሰነበትን። ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም። ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የመጣው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ሲመጣ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይባላል። እግሩ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ መደቡ ይለቀቅለታል፣ ባናው ይደረብለታል፣ የተገኘው ይቀርብለታል፤ ቆሎም ይሁን ቅራሪ። ከየት መጣህ ይባላል እንጂ ስንት ይዘሃል አይባልም። የጥንቱ ሁሉ ወርቅ ነበር ማለታችንም አይደለም። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ እንደሚሆን ተረቱ ራሱ ይናገራል። ድካሙም የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነበር። እግር የምታጥበውም፣ በሌሊት ተነሥታ የምትጋግረውም፣ መደቧን ለቅቃ መሬት የምትተኛውም እናታችን ነበረች። ምስጋናው ግን ለአባወራው ነበር።

የአልጋ ኪራይ ሲመጣ ይህን አንዳንዱን አስተካክሏል። እውነቱን እንነጋገር። በሰፈራችን ባሏ የሞተባት ሴት በሁለት አልጋ ልጆቿን አስተምራለች። ለእንግዳ ሲባል መጸዳጃ ቤት ተቆፍሯል፣ አንሶላ ይታጠባል፣ ግቢ ይጠረጋል። ከጎንደርም፣ ከወለጋም፣ ከደቡብም የመጣ መምህር፣ ነጋዴና ሹፌር ቤታችን አድሮ ቡና አብሮን ጠጥቷል። ስለማናውቀው አገር ሰው የምንናገረው ክፉ ቃል በዚያው መጠን ቀንሷል። ቁጡ የነበረው ሰው ትዕግሥት ተምሯል። እንግዳ በማሳደር ሰው ይለወጣል ስንል አንዱ ለውጥ ይኸ ነው፤ መልካም ነው።

ሌላኛው ለውጥ ግን ሾልኮ የገባ ነው። በመጀመሪያ የተለወጠው ፊታችን ነው። የሚከፍለው እንግዳ ተረቱን ገለበጠው፤ በሰነበተ ቁጥር ወርቅነቱ ይጨምራል። ዘመድ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጨርቅ ሆነ። የእኅታችን ልጅ ከገጠር ሲመጣ «አልጋው ተይዟል» ብለን ማድ ቤት አስተኝተነዋል። አልጋው አልተያዘም ነበር፤ ምናልባት ሰው ይመጣል ብለን ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ እያልን ያደግን ሰዎች ፍትፍቱን ለዘመድ፣ ፊቱን ለከፋይ አደረግነው።

ቀጥሎ የተለወጠው እጃችን ነው። ለመስክ ሥራ የመጣ ሠራተኛ አድሮ ሲነሣ «ደረሰኙን ትንሽ ከፍ አድርገህ ጻፍልኝ፣ አበሌ አልበቃኝም» አለን። የመጀመሪያ ቀን እጃችን ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛ ቀን ጻፍን። ዛሬ እንግዳው ሳይጠይቅ «ስንት ልበልልዎ?» የምንል ሆነናል። የሚከፈለው የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ይኸውም የሁላችንም ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ልጆቻችን አጠገባችን ቆመው ማየታቸው ነው።

ሦስተኛው የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። ከሩቅ ቀበሌ መጥተው፣ በየሳምንቱ ስንቃቸውን ተሸክመው እየተመላለሱ፣ በወር ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉን። ስብሰባ ወይም ሥልጠና ሲኖር ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከፍ ባለ ዋጋ የሚያድር እንግዳ ይመጣል። ያን ጊዜ ልጆቹን «ለጥቂት ቀን ማድ ቤት እደሩ» እንላቸዋለን። በጭስ ውስጥ እያጠኑ ይፈተናሉ። የወር ኪራያቸውን ግን ሙሉውን እንቀበላለን። ይኸ እንዴት ነው? የእነሱ አባት ለልጁ ብሎ በግ የሸጠ ገበሬ ነው እኮ።

በመጨረሻ የተለወጠው የቤቱ ወሬ ነው። አንድ ማታ ጎረቤት እሳት ሊጭሩ ሲመጡ የሰባት ዓመቱ ልጃችን «ስንት ይከፍላሉ?» አለን። ሳቅን። ኋላ ስናስበው የሚያስቅ አልነበረም።

በሌላ ቦታ እንዴት ይደረጋል? ላሊበላን እንይ። ከእንግዳ በሚገኝ ገንዘብ የኖረ፣ ሆቴል የሞላበት ከተማ ነው። ሆኖም ለገና በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ ነዋሪው እግሩን አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድረዋል። ለከፋዩ ዋጋ አለ፤ ለተሳላሚው በር አለ። ሁለቱ በአንድ ከተማ ተስማምተው ይኖራሉ ማለት ነው። በመቄት ወረዳም በ1990ዎቹ ማለቂያ ዓመታት ገበሬዎች በመቋት ማርያምና በሌሎችም ቦታዎች የእንግዳ ጎጆ በጋራ ሠርተው፣ ገቢውን ለጋራ ጥቅም አውለዋል። እንግዳው የአንድ ቤት ሲሳይ ብቻ አልሆነም።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ጓሳ አለ። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ የሚታጨደው በጋራ ተወስኖ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ነበር። በኋላም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ማረፊያ የተሠራው በማኅበረሰቡ ስም ነው። የጋራ ሣር በደንብ ከተጠበቀ የጋራ ስምም በደንብ ሊጠበቅ ይችላል።

በባሕር ማዶም ነገሩ ከትንሽ ነው የተነሣው። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የቤት ኪራይ ያጠራቸው ወጣቶች በአየር የሚነፋ ሦስት ፍራሽ ዘርግተው ሦስት እንግዳ በክፍያ አሳደሩ። ኤርቢኤንቢ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከዚያ ተነሣ። ልጆቻችን ከስልክ እንዳነበቡልን በዚያ አሠራር እንግዳ ሲሄድ ለባለቤቱ ኮከብ ይሰጣል። ኮከብ ያነሰው ባለቤት እንግዳ ይሸሸዋል። ስለዚህ ፈገግታውም ለኮከብ ይሆናል። እኛ ጋ ኮከብ የለም፤ ስም ግን አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ መንዝ መጥቶ ከሕዝባችን ጋር ተቀምጦ ነበር። «ሰምና ወርቅ» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ታትሞ የመንዝን ሰው ጠባይ በዓለም አስነበበ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ስማችንን ይዞ ነው የሚሄደው። እኒያ ሽማግሌ ወደ ቆላ ይዘውት የወረዱት ስማችን ምን ይሆን?

አንዳንድ ሰዎች የሚሉትን ሰምተናል። «ኑሮው ተወድዷል፤ በነፃ አሳድሬ ምን ልብላ?» ይላሉ። ልክ ነው። ማንም አልጋውን በነፃ ይስጥ አላልንም። ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ አስፈሪ ነው፤ የማላውቀውን ሰው እንዴት አስገባለሁ?» ይላሉ። ይህም ልክ ነው። ነገር ግን ሦስት መቶ ብር የያዘውን የማናውቀውን ሰው እናስገባው የለም ወይ? ብር መያዝ የደግነት ማስረጃ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛው ከተማ ድረስ ሲመጣ፣ ልጅ አዝለን በየገጠሩ የሸሸን ነን። ያን ጊዜ የመሸብን እኛ ነበርን። ውሻውን ይዞ «ግቡ» ያለን ገበሬ ማን እንደሆንን አላወቀም። ዋጋም አልነገረንም። የልጆቹን ባና አውልቆ ለልጆቻችን አለበሰ። ከዚያ ቤት የወጣን ሰዎች ነን በአራት ዓመት ውስጥ በር ላይ ቆመን ሒሳብ የምናሰላው።

ስለሆነም ለመጪው የማኅበራችን ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አልጋ የምናከራይ ቤቶች በሳምንት ተራ ገብተን፣ ተረኛው ቤት አንድ መኝታ ለመሸበት ሰው ያቆይ። አልጋ ባይሆን መደብም ይበቃል። ለሕክምና የመጣ፣ ለዳኝነት የመጣ፣ መኪና ያመለጠው ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ስጋቱን ለማስወገድ፣ እንግዳው ሲገባ ለማኅበሩ ተጠሪና ለሰፈሩ ጥበቃ ይነገር፤ ስሙም ይመዝገብ። ይህ ለከፋዩም ላልከፈለውም እኩል ይሁን።

ሦስተኛ፣ በደረሰኝ ላይ የተቀበልነውን ብቻ እንጻፍ። ሁላችንም እንቢ ካልን እንግዳው ወዴት ይሄዳል?

አራተኛ፣ ወር የከፈለ ተማሪ ለማንም እንግዳ ተብሎ ከክፍሉ አይነሣ።

አምስተኛ፣ ለእንግዳው የሚደክሙት ሴቶችና የቤት ሠራተኞች ከገቢው ድርሻቸውን ያግኙ። ምስጋና ብቻ አይበቃም።

ይህ ሐሳብ ጎደሎ ሊሆን ይችላል፤ ይታረም፣ ይጨመርበት። የሚቃወምም ካለ መጥቶ ፊት ለፊት ይናገር እንጂ በየጠላ ቤቱ አይማን። ተራው እስኪደራጅ አንጠብቅም፤ የመጀመሪያው ሳምንት የእኛው ቤት ነው። «አልጋ አለ» ከሚለው ጽሑፋችን ሥር «የመሸበትም ይግባ» ብለን ጽፈንበታል። ቀለሙ በዝናብ ትንሽ ለቅቋል፤ ይነበባል ግን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሞላሌ