መንገዱ የሚሰፋው ለማን ነው?

በሐይቅ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አላት። በየብሱ ወገን ቦታ እየፈለገች ትሰፋለች፤ በሐይቁ ወገን ግን ድንበሯ ውሃ ስለ ሆነ ወዲያ ልታልፍ አትችልም። እንግዲህ በሐይቁና በቤቶቹ መካከል የሚያልፈው መንገድ ይስፋ የተባለ እንደ ሆነ፥ ስፋቱ የሚገኘው ወይ ከዳርቻው፥ ወይ ከዛፎቹ፥ ወይም ከእግረኛው መሄጃ ተቀንሶ ነው። ለዚህ ነገር በጣና ዳር የምትገኘው ባሕር ዳር መልካም ምሳሌ ትሆናለች።

ባሕር ዳር በዘንባባ ዛፎቿና በቢሲክሌቶቿ ብዛት የታወቀች ከተማ ናት። ዛሬ ግን በአንዱ ጐዳና ላይ ካሚዮኑና ባጃጁ፥ ቢሲክሌተኛውና እንጨት ተሸካሚዋ፥ ደብተሩን የያዘውም ሕፃን ይጋፉበታል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነዋሪዎች ሲከራከሩ ሁለት ዐይነት ድምፅ ይሰማል። ይስፋ የሚሉት፥ ዕቃ በጊዜው አይደርስም፥ ሕመምተኛ የጫነ መኪና መተላለፊያ አያገኝም፥ እንግዳም ይጉላላል ይላሉ። ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። የሚቃወሙት ደግሞ፥ መንገዱ ሲሰፋ መኪናው ይፈጥናል፥ ልጆቻችንም ወደ ትምህርት ቤት ለመሻገር ይቸገራሉ ብለው ይሠጋሉ።

የሁለቱን ወገን ክርክር ለመመዘን ሒሳቡን እንመልከት። ሰው በመጠነኛ አካሄድ በ1 ሴኮንድ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ያህል ይራመዳል። ስለዚህ 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመሻገር 6 ሴኮንድ ያህል ሲበቃው፥ 14 ሜትር ለሆነው መንገድ 12 ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በዚሁ ጊዜ ከ160 ሜትር በላይ ይጓዛል። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ወይም ልጇን ያዘለች እናት እርምጃቸው ከዚህም የዘገየ ነውና፥ መኪናው ገና ሩቅ ነው ብለው የጀመሩትን መንገድ ሳይጨርሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፥ በ2021 በመንገድ አደጋ ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል ከመቶው 23 እጅ እግረኞች እንደ ነበሩ ገልጿል። መኪና የሚገጨው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ሳይሆን 65 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሆነ እንደ ሆነ፥ እግረኛው የሚሞትበት ሥጋት 4 እጥፍ ተኩል ያህል እንደሚያድግም ድርጅቱ ያስረዳል። ስለዚህ የነዋሪዎቹ ሥጋት ባዶ ፍርሃት አይደለም።

የዳርቻውም ጉዳይ ሌላ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅለውም በሐይቁ ዳር ነው። አንድ ጊዜ በአፈር ተደልድሎ አስፋልት የለበሰ ዳርቻ ደግሞ ተመልሶ ደንገል አያበቅልም።

ይህን ስንል መሻሻልን መቃወማችን አይደለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው የዓባይ ድልድይ፥ ከመኪናው መተላለፊያ ሌላ ለእግረኛና ለቢሲክሌተኛ የተለየ መሄጃ ተሰጥቶታል። በድልድዩ ላይ የታሰበው አሳብ በሐይቁ ዳር መንገድም ሊረሳ አይገባውም።

«ማስፋት» የሚለው ቃል ብቻውን ሙሉ ትርጉም የለውም፤ ለማን? የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። በቀን ብዙ ሰው በእግሩ የሚመላለስበት መንገድ የእግረኛው መሄጃ ጠብቦ የመኪናው ብቻ ቢሰፋ፥ ለብዙዎቹ ጠበበ እንጂ ሰፋ አይባልም።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት አስቀድሞ ነዋሪውን ሰብስቦ ያነጋግር፤ ፕላኑንም ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጥፍ። በሐይቁ ዳር የመኪናው ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ። በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከፍ ያለ መሻገሪያ ይሠራ፤ በመንገዱም መካከል እግረኛው ቆሞ የሚያርፍበት ደሴት ይደረግ። ከባድ ካሚዮን በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ይታዘዝ። ባለሱቆችም ዕቃቸውን በእግረኛው መሄጃ ላይ አይደርድሩ፤ እግረኛውም በተሰጠው መሻገሪያ ብቻ ይሻገር፤ ሕግ ለሁሉም ነውና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መጨናነቁ ያልተቃለለ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ስለ ማስፋት መነጋገር ይቻላል። የፈረሰ አጥር ይታጠራል፥ የተቈረጠ ዛፍም በሌላ ይተካል፤ በመንገድ ላይ የቀረ ልጅ ግን አይተካም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ምክሩ ከሥራው ይቅደም እንላለን።