«መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ»



በዚህ በአባሲያ ከማታ ጸሎት በኋላ፥ ይልቁንም ወደ ኢየሩሳሌም የሚያልፉ ተሳላሚዎች ከእኛ ዘንድ በሚሰነብቱበት ወራት፥ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። አንዱ በዋሽንግተን ከሚኖር የወንድሙ ልጅ የሰማውን ያወራል፤ ሌላው ያነበበውን ይናገራል። አሜሪካኖች ስለ ሙስሊሞች ምን ያስባሉ፥ ወደ አገራቸው ያስገቧቸዋልን ወይስ ይከለክሏቸዋል፥ መስጊድስ ይፈቅዱላቸዋልን የሚለው ክርክር ሲነሣ፥ ከመካከላችን አንዱ «መልሱ ቀላል ነው፤ መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ያን ጊዜ ይነጋገሩ» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያ ሳቅ ነው፤ ይህን መልስ ከአባሲያ ግቢ ውስጥ ሆኖ መናገር ከማንም ይልቅ ለእኛ እንደማይገባን እያደር ተገልጦልኛልና። (ዓመቶቹን «እንደ አውሮፓ» ካላልሁ በቀር የምጽፈው በእኛው አቈጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ፥ መልሱ የእኛ ብቻ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሁለቱ ረጃጅም ሕንፃዎች ከወደቁና በዚያ ቀን ሦስት ሺሕ ያህል ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ ብዙ አሜሪካዊ ሙስሊም ጎረቤቱን የሚያይበት ዐይን ተለወጠ። ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞችም እንደ ነበሩ የሚያነሣ ጥቂት ነው። በ2002 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከዚያ ሥፍራ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የጸሎት ቤት ያለበት ማእከል ለማቋቋም ባሰቡ ጊዜ አገሩ ሁሉ ተከራከረ። የተወካዮች ምክር ቤት የቀድሞ አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች፥ በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያንና ምኵራብ እስከሌለ ድረስ በዚያ ሥፍራ አጠገብ መስጊድ ሊኖር አይገባም አሉ። ቃሉ ከእኛው የማታ ጨዋታ የተወሰደ ይመስላል። የከተማው ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ግን ሐምሌ 27 ቀን ባደረጉት ንግግር፥ ሰዎች በገዛ ንብረታቸው ላይ የጸሎት ቤት እንዳይሠሩ መንግሥት ሊከለክል እንደማይገባው አስረዱ። ከንቲባው አይሁዳዊ ናቸው፤ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት በዚያችው ከተማ የነበሩ ጥቂት አይሁድ ምኵራብ ለመሥራት ለምነው የሆላንዱ ገዥ እንደ ከለከላቸው አስታወሱ። የእርሳቸው ወገን ለምኖ የተከለከለ መሆኑን አልዘነጉም። እኛም ልንዘነጋው የማይገባን ይህንኑ ነው።

እስቲ ይህን የምንኖርበትን ግቢ እንመልከት። በግብፅ አገር የክርስቲያን ወገን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት፥ የተሰነጠቀውንም ለመጠገን፥ የገዥውን ፈቃድ መጠየቅ የቈየ ሥርዓት ነው። የቱርኩ ሱልጣን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1856 ያወጣው አዋጅ ፈቃዱን በእጁ አደረገ፤ በ1934 ደግሞ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ዐሥር ጥያቄዎች ጨመረ። ከእነዚያም መካከል ከመስጊድ ያለው ርቀት ስንት ነው፥ የአካባቢው ሙስሊሞችስ ይቃወማሉን የሚሉት ይገኙባቸዋል። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጥቶ ሥልጣኑ ለየአውራጃው ገዥዎች ተሰጠ፤ መልሱም በአራት ወር ውስጥ እንዲነገር ታዘዘ። ቀሎአል፤ ነገር ግን አሁንም ጠያቂው እኛ፥ ፈቃጁ ሌላ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል በአባሲያ ታላቁ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ተሠራ። ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር ፈቃዱን ሰጡ፤ ከመንግሥትም ገንዘብ ረዱ፤ ሐምሌ 17 ቀን 1957 ዓ.ም. የመሠረቱ ድንጋይ ሲቀመጥ ተገኙ። ሰኔ 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ በብፁዕ ወቅዱስ ቄርሎስ ሳድሳዊ ዘንድ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ፕሬዚዳንቱ አብረው ነበሩ። ያን ፎቶግራፍ ባየሁ ቍጥር አንድ አሳብ ይመጣብኛል። ናስር በዚያ ቀን፥ ወይም ፈቃዱን በተጠየቁበት ቀን፥ «አክሱም ላይ መስጊድ ሲሠራ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብለው ቢሆን ኖሮ ምን መልስ ይሰጥ ነበር? ንጉሠ ነገሥቱ የሚመልሱት አልነበራቸውም፤ ፓትርያርኩም አልነበራቸውም። ዛሬ የምንቀድስበት ጣራም አይኖርም ነበር። በላይኛው ግብፅ በአንዲት መንደር ያለ ገበሬ አክሱምን በዐይኑ አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በዚህ ሚዛን ከተሄደ የአክሱምን ዕዳ የሚከፍለው እርሱ ነው። የኒውዮርኩ ሙስሊም ባለሱቅም ለሳዑዲ ዐረቢያ ንጉሥ ሕግ አላወጣለትም።

ሌላ ነገር ልጨምር። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ለእኛ ርእሰ ዐውደ ዓመት፥ ለግብፃውያን ወንድሞቻችንም ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ጀምሮ የሚቈጠረው የሰማዕታት ዓመት መባቻ፥ ነይሩዝ የሚሉት በዓል ነበር። በዚያ ቀን ብዙ ሕዝብ በካይሮ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ተሰብስቦ ግንቡን ዘለለ፥ ሰንደቅ ዓላማውንም አወረደ። ምክንያቱ በካሊፎርኒያ የተሠራ፥ የሙስሊሞችን ነቢይ የሚያዋርድ ፊልም ነበር፤ ያሠራውም በዚያ የሚኖር የግብፅ ተወላጅ ክርስቲያን መሆኑ ተሰማ። ያን ጊዜ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ መጋቢት 2004 ዓ.ም. ዐርፈው መንበሩ ገና ባዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ፊልሙን በግልጥ አወገዘች። የክርስቲያኑም ልመና አንድ ነበር፦ የአንዱን ሰው ሥራ በሁላችን ላይ አትቍጠሩ። እንግዲህ በአሜሪካ ያሉ ሙስሊሞች ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የለመኑት ልመና ይኸው አይደለምን? ቃሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው ለማኙ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር የተፈሰሰውን ደም የረሳሁ የሚመስለው ወንድም አለ። አልረሳሁም። ታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. እሑድ በቅዳሴ ሰዓት፥ ከካቴድራሉ ጎን ባለችው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ ከሃያ አምስት በላይ ምእመናን ሞቱ፤ የሚበዙትም ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱትን ወንድሞቻችንን ያላለቀሰላቸው የለም። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ጋር አዘነ። ገዳዮቹ የገደሉት በእስልምና ስም ነው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ገዳዮቹ በወገን ቈጥረው ስለ ገደሉ እኛም በወገን ቈጥረን እንፍረድ ማለት የእነርሱን መጽሐፍ መማር ነው።

ከአባሲያው ቦምብ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሰባት አገሮችን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ሁሉም ሕዝባቸው አብዛኛው ሙስሊም የሆነ ነበር። በሃይማኖታቸው የሚሳደዱ አናሳ ወገኖች ግን በስደተኝነት ቅድሚያ እንዲያገኙ ተባለ። ያን ጊዜ ብዙ ክርስቲያን «ተመስገን፥ የሚያስብልን ተነሣ» አለ። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ግን ትእዛዙን ተቃወሙ። የላዕላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ዓ.ም. የኋለኛውን ትእዛዝ በአምስት ድምፅ ለአራት አጸና። ቀጥሎስ ምን ሆነ? ጥር 2012 ዓ.ም. ክልከላው ሲሰፋ ኤርትራ ተጨመረች፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በ2013 ዓ.ም. ከሻሩት በኋላም በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ሲመለስ ኤርትራ ከተከለከሉት 12 አገሮች አንዷ ሆነች። እንደ እኛ ማኅሌት የሚቆመው፥ እንደ እኛ የሚጾመው የአስመራ ዲያቆን አሁን ከዚያ አጥር ውጭ ነው። ለሌላ የተሠራ አጥር የሚያቆመውን ሰው እምነት አይጠይቅም።

አሁን ወደ አክሱም ልመለስ፤ አስቸጋሪው እርሱ ነውና። «አክሱም የጽዮን ከተማ ናት፥ የታቦተ ሕጉ ማደሪያ ናት» የሚለው ወንድም ከንቱ አልተናገረም፤ እኔም እንደ እርሱ አምናለሁ። ለአንድ ቅዱስ ሥፍራ የተለየ ሥርዓት ሊኖረው እንደሚችልም እቀበላለሁ። ይህን ክርክር ግን ከጽዮን እንከራከረው እንጂ ከመካ አንከራከረው። የመካን ሥርዓት ምስክር አድርገን ከጠራን መምህራችን ማን ሆነ ማለት ነው? ደግሞም የመስጊዱ ነገር በከተማው ሽማግሎች የሚመከርበት ቢሆን፥ ሬሳን ከከተማ ውጭ ወስዶ መቅበር፥ ወይም በ2017 ዓ.ም. እንደ ሆነው ልጃገረዶች ራሳቸውን ስለ ተከናነቡ ከትምህርት መከልከላቸው፥ በየትኛው የጽዮን ሥርዓት ይገኛል? የእኛ እናቶችስ ተከናንበው አይደለምን የሚያስቀድሱት?

በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ወደ አክሱም ንጉሥ በመጡ ጊዜ የመካ ሹማምንት እጅ መንሻ ይዘው ተከትለዋቸው እንደ ነበረ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ንጉሡ ስደተኞቹን ጠይቆ፥ ሰምቶ፥ እጅ መንሻውን መለሰ። መካ በለውጡ ለክርስቲያን ምን ታደርጋለች ብሎ አልጠየቀም። ይህን ታሪክ በአሜሪካም በካይሮም ስንመካበት እንኖራለን፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ማዘዛቸውን ግን ለተሳላሚ እንግዳ አንተርክለትም። ከዚያ በኋላ ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው ብዙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት የነጋሽ መስጊድ በመድፍ ሲመታም ያን የድሮ ንጉሥ ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «መቻቻል» የምንለው ቃል ለጆሮዬ አይጥመኝም። ሰው የሚችለው ሸክምን፥ ሕመምን፥ ክፉ ጎረቤትን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ጆርጅ ዋሽንግተን በኒውፖርት ለነበሩ አይሁድ በጻፈው ደብዳቤ፥ የእምነት ነጻነት አንዱ ወገን ለሌላው የሚሰጠው ቸርነት ሳይሆን የሰው ሁሉ መብት መሆኑን አስታውቆ ነበር። አሜሪካኖች ይህን በጽሑፍ አላቸው፤ ሥራቸው ከጽሑፋቸው ኋላ ሲቀር እነሆ እናያለን። እኛ በዚህ አገር የምንመኘውም ያንኑ መብት ነው፤ በየአራት ወሩ የሚጠበቅ ፈቃድ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ለማባዣ ከመስጠቴ በፊት፥ በዚያ ማታ ስለ መካ ለተናገረው ወንድሜ አነበብሁለት። በአክሱም ነገር ጨርሶ አልተስማማም፤ እስከ መንፈቀ ሌሊት ተከራከርን። መልሱን ለሚመጣው እትም ሊጽፍ ቃል ስለ ሰጠኝ ሁለት ገጽ ተትቶለታል።