የእንግዳውን ሲኒ አውጡት

በብዙ ቤት ሳሎን ቡፌ አለ። መስታወቱ ውስጥ ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች፣ ሳይነኩ የኖሩ ብርጭቆዎችና ከሠርግ የተረፈ የሰሃን ስብስብ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ለእንግዳ ናቸው። ቤተሰቡ ሻዩን የሚጠጣው ጆሮው በወለቀ ኩባያ ነው።

ስለ ኮተት ሲነሳ የሚሰጠን ምክር «አትሸምቱ» የሚል ነው። የእኛ ኮተት ግን በአብዛኛው ከሸመታ የመጣ አይመስለኝም። እጥረትን የሚያውቅ ሰው የማርማላታ ጠርሙስ አይጥልም። ክዳን የሌለውን ጀሪካን እንኳ «ውሃ ሲጠፋ ያስፈልጋል» ብሎ ያስቀምጣል፤ እውነቱን ነው፣ ውሃው ይጠፋል። ይህን ጥንቃቄ የሚንቅ ምክር አልቀበልም። ነገሩ የሚበላሸው ጀሪካኑ አሥር ደርሶ ውሃ የተሞላው ሁለቱ ብቻ ሲሆን ነው።

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም የታቀደው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ተብሎ ነው። ቡፌው፣ መሥራት ያቆመው ቴሌቪዥንና አልጋ ሥር የታጨቀው ሻንጣ እዚያ ውስጥ ሲገቡ፣ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ የሚያጠናበት ጥግ ይጠፋል። በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ብለን የያዝነውን ቦታ የነጠቅነው ዕለት ዕለት አብሮን ከሚኖረው ልጅ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከመጣል በፊት መጠቀም ይቅደም። የእንግዳውን ሲኒ ዛሬ አውጡና ቡና ጠጡበት፤ ከተሰበረም ይሰበር። ተጣጥፎ የኖረውን አንሶላ አንጥፋችሁ ተኙበት። ደኅናው ዕቃ የዘወትር ሲሆን ጆሮው የወለቀው ኩባያ ትርፍ መሆኑ ያኔ ይታያል፤ ማስወጣቱም አይከብድም።

የልጅ ልብስ ደግሞ ገና ደኅና ሳለ ይተላለፍ። «ለታናሹ ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠው ጃኬት ስንት ቤት ታናሹም አልፎት ሄዷል! ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ዛሬ ቢሰጥ የዘንድሮን ክረምት ያሳልፋል። ለሰው የማይሆነውን ደግሞ ቆራሌው በር ድረስ መጥቶ ይወስደዋል። ከእሱ እጅ ብዙው ነገር መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ ያረጀው በርሜል የከሰል ምድጃ፣ ያረጀው ጎማ በረባሶ ሆኖ ለሰው እንጀራ ይሆናል። አልጋ ሥር ግን ዝገት ብቻ ነው የሚጠብቀው።



ጳጉሜን ሲመጣ ቤቱን የማያጸዳ የለም። ዕቃውን እናነሳለን፣ አቧራውን እንጠርጋለን፣ ከዚያ እዚያው መልሰን እናስቀምጠዋለን። ዘንድሮ ዕቃውን ከመመለሳችሁ በፊት «ካለፈው ጳጉሜን ወዲህ ማን ነካው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሟች እናት ነጠላ በዚህ ጥያቄ አይዳኝም፣ ይቀመጥ። የትዳር ጓደኛችሁንም ዕቃ እሱ ወይም እሷ በሌሉበት ለቆራሌው እንዳትሰጡ፤ ከራሳችሁ መደርደሪያ ጀምሩ።